የሺ ያለቀሰችላት እንግሊዛዊት

ይህ የሆነው ከምርጫ 97 ማግስት አገር ለቅቄ ጄኔቫ ከገባሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንድ የኅዳር ቅዳሜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭብጨባ አልወድም። ሰርግ ላይ እንኳ ሲጨበጨብ ወደ ውጭ ወጥቼ እቆማለሁ።

መጀመሪያ አንድ ክፉ አመሌን ልንገራችሁ። ነፍሰ ገዳይ እወዳለሁ። አትደንግጡ፤ የምወዳቸው ሁሉ ሞተው አፈር ከሆኑ ቆይተዋል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ አገር የተፈጸሙ፣ ገዳያቸው ሳይታወቅ የቀረ ግድያዎችን እያሳደድኩ አነባለሁ። አመሉን ያስያዙኝ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ በየቀኑ አንድ አንድ ግድያ አነብላቸው ነበር። እሳቸው ሲያርፉ በሽታው ለእኔ ተረፈ። አባል የነበሩበት ማኅበርም በቦታቸው ተቀበለኝ።

የማኅበሩ ሰዎች ጡረታ የወጡ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች፣ ዲፕሎማቶችና ሚስቶቻቸው ናቸው። የለንደንን የድሮ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ገዳዩ በየት በኩል እንዳመለጠ ይጨቃጨቃሉ። እኔም ከእነሱ አላንስም ብዬ ተጨቃጨቅኩ። የለንደንን ጓሮ ለጓሮ መንገድ ከተወለድኩበት ሰፈር ይልቅ አውቀዋለሁ፤ ለንደንን ግን ረግጬ አላውቅም።

ለዛቫንሼ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ አልማዝ ይህ ነገር አልዋጥላቸው ብሎ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የአገርህ ሬሳ አንሶህ ነው የእንግሊዝ ሬሳ የምትቆጥረው? በ97 መንገድ ላይ የወደቁትን ማን እንደገደላቸው አውቀን የጨረስን ይመስል!»

«እትዬ፣ የእኛዎቹን ገዳዮች ብፈልጋቸው አገኛቸዋለሁ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ስቀው ይተዉኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አይስቁም።

ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ከሟቾቹ የአንዷን ቀን ያስባል። በዚያ ዓመት ተራው የኤለን ነበር። ኤለን ለንደን ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ጠዋት ከምትሠራበት ወጥ ቤት ተገድላ ተገኘች፤ ማን እንደገደላት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዝግጅቱ የነበረው ከጄኔቫ ወጣ ብላ ባለችው ቨርሷ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የአንድ ዲፕሎማት ቤት ነው። ሰውየው ለብቻው ፓስፖርት የሚያስፈልገው ዓይነት ጢም ስላለው በልቤ ፊታውራሪ ጢሙ እለዋለሁ። ቤቱም ቢሆን ከሳሎን ተነሥቶ ሽንት ቤት ለመድረስ ስንቅ ያስይዛል። ሁላችንም እንደዚያ ዘመን ወግ ጥቁር ለብሰን እንድንመጣ ታዘናል። እኔ የሰርጌን ሱፍ ለበስኩ። ያ ሱፍ ለሐዘን ሲውል የመጀመሪያው አልነበረም።

በሩን የከፈተችልኝ አበሻ ናት።

«ጋሼ፣ አበሻ ነዎት እንዴ?»

«ጠዋት ስነሣ ነበርኩ፤ አሁን እንጃ።»

ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዓይኖቿ አብጠው ቀልተዋል። «ምነው፣ ሽንኩርት ነው ወይስ ደመወዝ?» አልኳት። አፏን ልትከፍት ስትል የፊታውራሪ ጢሙ ሚስት፣ ማዳም፣ ከውስጥ «የሺ!» ብላ ተጣራች። ስሟን ያወቅኩት በዚያ ጥሪ ነው።

ሳሎኑ መካከል ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ተቀምጧል። በላዩ ላይ የኤለን ፎቶ፣ ነጭ ሽርጥ እንደታጠቀች። ግራና ቀኙ ሻማ። ፊታውራሪ ጢሙ ወረቀቱን ይዞ ቆመና ማንበብ ጀመረ። ኤለን በተገደለችበት ሳምንት እናቷ ታመውባት ነበር። ለግማሽ ቀን ሄዳ ልትጠይቃቸው ለመነች። እመቤቲቱ እንግዶች አሉብን ብላ ከለከለቻት። በማግስቱ ልጅቷ የለችም።

እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ምነው ያቺን ግማሽ ቀን ፈቅደውላት ቢሆን ኖሮ!» አለ። ሴቶቹ መሐረብ አወጡ። ማዳምም አወጣች። እውነቱን ለመናገር የእኔም አፍንጫ ረጥቧል።

በዚህ መካከል የሺ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። ፎቶውን አየች። ሻማውን አየች። ጥቁር የለበሰውን ሰው ሁሉ፣ ዕንባቸውን የሚጠርጉትን ሴቶች አየች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ከማዳም ጋር የምትግባባው በወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው። ጌቶቿ ልጅ እግር ዘመድ እንደሞተባቸው ገባት። እናንተ ብትሆኑ ሌላ ምን ይገባችሁ ነበር? ትሪውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች።

ስትመለስ ሽርጧን አውልቃ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ከእኛ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ሻይ ብቻ አድሎ የሚወጣ የለም። በእንግዶቹ መካከል አልፋ ፎቶው ፊት ቆመች፤ ደረቷን መታች።

«እህቴን! እኔ እህትሽ ልቅደምልሽ! በዚህ ዕድሜሽ!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ድምፅዋ እየቆየ ሌላ ሆነ። «እማዬ!» አለች። «እማዬ፣ ውኃ እንኳ ሳላቀብልሽ! አፈርሽን ሳላይ!» ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ለቅሶ ላይ ሰው የራሱን ሙት እንደሚያነሣ አውቃለሁና ክው አልኩ። ልነሣ ስል ከኋላዬ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

«ብራቮ!» አሉ። ፊታውራሪ ጢሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አንተ ተንኮለኛ! ይህን ያዘጋጀኸው አንተ ነህ!» አለኝ። አይፈረድበትም፤ የማኅበሩ ቀልደኛ እኔ ነኝ። አምና ምንጣፍ ላይ ሬሳ ሆኜ ተኝቼ፣ መርማሪው ሊለካኝ ሲያጎነብስ አስነጥሼ አስቄአቸው ነበር።

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። «የኔ እመቤት፣ ማን ሞተብሽ?»

«እናቴ» አለችኝ። «ረቡዕ ተደወለልኝ።»

በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው በር ያንኳኳሉ፤ ሰው ይደገፋል፤ ሲወድቅ የሚያነሣው አለ። የሺ ግን እጇ ሳሙና እንደነካ ሰምታ፣ ስልኩን ዘግታ፣ የቀረውን ሳህን አጥባለች። ልቅሶዋን ውጣ ቆይታ፣ ሰው ሲያለቅስ ስታይ ጊዜ ከሰው ጋር ላልቅስ ብላ ገባች።

«ለማዳም ነግሬያት ነበር፣ ጋሼ። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ደርሼ ልምጣ አልኳት። እንግዶቹ ሲሄዱ እንነጋገራለን አለችኝ።»

ተነሥቼ ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ እናቷ ሞተውባት ነው አልኩ። ጭብጨባው ቆመ።

«አዎ፣ ነግራናለች» አለች ማዳም፣ መሐረቧን እንደያዘች። «በጣም ያሳዝናል። ግን ዛሬ እንግዳ አለብን። ሻዩም እየቀዘቀዘ ነው።»

ፊታውራሪ ጢሙ የኤለንን ወረቀት አሁን ድረስ እንደያዘ ነው። አሁን አንብቦት የጨረሰውን ነገር አንዱ እንኳ ቢያስታውሰው ብዬ ፊት ለፊት አየኋቸው። ሁሉም ኩባያቸውን ያያሉ። ደግነቱ ኩባያው ያማረ ነበር።

እኔ እወስዳታለሁ አልኩ። ማዳም፣ «አሁን ከወጣች መመለስ የለም፤ ንገራት» አለችኝ።

የሺ ስዊዘርላንድ የምትኖርበት ካርድ ከዚያ ቤት ሥራ ጋር የታሰረ ነው። ቤቱን ከለቀቀችና ሌላ ዲፕሎማት ቶሎ ካልቀጠራት አገሩንም ትለቃለች። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ የሰው ቃል ሳልጨምርበት አስተላልፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ቃል በቃል ነገርኳት። ካርዱንም አስታወስኳት።

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና፣ «ጋሼ፣ ጫማዬን ላምጣ» አለችኝ።

ለዛቫንሼ ስንደርስ እትዬ አልማዝ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተው ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፉና ስልካቸውን አነሡ። ሳይመሽ ቤቱ ሞላ። የቤተ ክርስቲያን አዛውንቶች፣ ከየዲፕሎማቱ ቤት ፈቃድ ያገኙ ሠራተኛ ልጆች፣ የሺን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁ ሁሉ መጡ። እትዬ አልማዝ እጇን ይዘው፣ «በይ ልጄ፣ አሁን እንደልብሽ አልቅሺ» አሏት።

የሺ ግን ዕንባ አልወጣት አለ። ያላትን ሁሉ ቨርሷ ጨርሳው መጥታለች። ሌላው ሰው ሲያለቅስላት እሷ ደርቃ ግድግዳ ታያለች። ለእናቷ የነበራት ዕንባ ያ ነበር፤ እሱንም አጨበጨቡበት።

ሻንጣዋን በማግስቱ ሾፌሩ አምጥቶ ኮሪደር ላይ ጥሎት ሄደ። እኛም ዲፕሎማት ፍለጋ ወጣን። ያላንኳኳነው ኤምባሲ ቢኖር የጨረቃው ብቻ ነው። ሁሉም የሚጠይቁት «ለምን ለቀቀች?» ብለው ነው። «እናቷ ሞተው ስላለቀሰች» ስንል ሌላ ነገር የደበቅን ይመስላቸዋል። በመጨረሻ ራሷ ደከማት። ዙሪክ ከተማ፣ ዜባህ ሰፈር የምትኖር የአክስቷ ልጅ ዘንድ ጥቂት ሰንብታ ወደ አገሯ ልትመለስ ወሰነች።

በባቡር ሸኘኋት። መንገድ ላይ የዚያን ቀን ነገር ሁሉ አስረዳኋት። ፎቶዋ ፊት ቆማ ያለቀሰችላት ልጅ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆናት ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዜባህ ደርሰን፣ የአክስቷ ልጅ ደጃፍ ሻንጣዋን ሳስቀምጥላት፣

«ያኔ ማን አለቀሰላት?» አለችኝ።

ስለ ኤለን ያላነበብኩት ጋዜጣ የለም። የተገደለችበት ቢላ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የወጥ ቤቱ በር በየት በኩል እንደሚከፈት በቃሌ እወጣዋለሁ። ማን እንዳለቀሰላት ግን አላውቅም። ከእኛ መካከል የጠየቀም የለም።

«እንጃ» አልኳት።

«እንግዲያው እኔ አለቀስኩላት» አለች። «የእናቴ መሐል ላይ ገብቶ ነው እንጂ፣ መጀመሪያ የጀመርኩት የእሷን ነበር።»

በዓመቱ ማኅበሩ ጥሪ ላከልኝ። ያቺ አልቃሽ ካለች ይዘሃት ና፣ መጓጓዣዋን እኛ እንችላለን ይላል። ለዚህ የሚሆን ቀልድ ከራሴ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት፤ ከእነሱም በዚያው ተቆራረጥኩ።

የድሮ ግድያ ማንበቡን ግን አልተውኩም። አመል ነው። ነገር ግን ኤለን በሞተች ጊዜ የቤቱ ሰዎች ለመርማሪው የሰጡት ቃል ላይ አንድ መስመር አለ። በዋዜማው ምሽት ኤለን ወጥ ቤት ውስጥ ስትጮኽ እናንተ ምን ትሠሩ ነበር ተብለው ሲጠየቁ፣ ሳሎን ሻይ እየጠጣን ነበር ብለዋል። ድሮ ገዳዩን ለመያዝ ስለምቸኩል ያን መስመር ዘልዬው ነበር የማልፈው። አሁን እዚያ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ያን ቅዳሜ የሺ ስትጮኽ እኔም ኩባያዬ እጄ ላይ ነበር።