ባለቤቴና የጣሊያኑ መርፌ

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ባለቤቴን የውሃ ጥም ያዛት። ኮልፌ ያኔ ጥቂት ጎጆና ባሕር ዛፍ ነበር፤ እኔ ጣሊያኖቹ ለሚሠሩት መንገድ ድንጋይ እጠርባለሁ። ጠዋት የቀዳችውን እንስራ እስኪመሽ ብቻዋን ትጨርሰዋለች። እየበላች ትከሳለች። ጓሮ ሽንቷን በምትሸናበት ቦታ ጉንዳን ይርመሰመስ ጀመር። ጎረቤቶች "ዓይን ነው" አሉ፤ ጠበል ወሰድኳት።

አንድ ጠዋት ብቀሰቅሳት አልነቃ አለች። ዳገት እንደ ሮጠ ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጣሊያኖቹ ክሊኒክ ሄድን። ወንድሜን የገደሉት እነሱ ናቸው። ግን ሌላ የምወስድበት አልነበረኝም።

ሐኪሙ ሽንቷን ከአንድ ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በብልቃጥ አፈላው። ሰማያዊው ዓይኔ እያየ እንደ ሸክላ ቀላ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣

"ሽንቷ ውስጥ ስኳር አለ" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"ስኳር! ደሟም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ባታመጣት ኖሮ አትተርፍም ነበር።"

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ሐኪሙ ግን መርፌ ወጋት፣ ጨው ያለበት ውሃም በደም ሥሯ ሰጣት። በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ "ራበኝ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ "መርፌው ስኳሯን ያወርደዋል፤ ከተወጋች በኋላ ሳትበላ እንዳትውል፣ ካላባትም ጣፋጭ አቅምሳት" ብሎ አስጠንቅቆኛል። እሷ ግን ፍልሰታ ሲገባ ተደብቃ መጾም ጀመረች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቤት ብቅ ስል ልብሷ በላብ ርሷል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል።

"አንተ ማነህ? ውጣ ከቤቴ!" ብላ ጮኸችብኝና ወደቀች።

ማር በጣቴ እየዛቅሁ ድዷ ላይ ቀባሁ፤ ደጋግሜ ቀባሁ። ጥቂት ቆይታ ተነስታ ተቀመጠችና፣ "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" አለችኝ። ስኳር በዝቶባት ልትሞት የነበረችው ሴት፣ አሁን ደግሞ ስኳር አንሷት ልትሞትብኝ!

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። እሷም ደጃፍ ቆማ እልል አለች። በማግስቱ መድኃኒት ላመጣ ብሄድ የክሊኒኩ በር ተሰብሯል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሐኪሙ ተማርኮ ተወስዷል። ከተማውን ሙሉ ዞርኩ። የእንግሊዞቹን ሐኪም እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ "ይመጣል፣ ጠብቅ" አለኝ።

እጃችን ላይ የነበረው መድኃኒት አምስት ቀን አደረሰን። ከዚያ በኋላ ሳምንትም አልቆየች።

"አንተ ምን ታደርግ" አለችኝ፣ ድምፅዋ እየደከመ። "ስትወጋኝ እንኳ አያመኝም ነበር።"

ከቀብር ስመለስ ሰንደቅ ዓላማ የያዙ ሰዎች እየዘፈኑ መንገዱን ሞልተውታል። አንዱ የማላውቀው ሰው አቅፎ ሳመኝና "እንኳን ደስ ያለህ!" አለኝ።

"እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አልኩት። ያንን ቃል እንዴት እንዳወጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።