አባቴ የሚያዩዋቸው ሰዎች

ሥራዬ አንጎል እንዴት እንደሚያይና እንዴት እንደሚያስታውስ ማጥናት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካነ ሰላም ከተማ ልጆችን ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው በጠፋ በዓመቱ እህቴ ደወለችልኝ።

«አባ ባዶ ግድግዳ ሰላም ይላሉ» አለችኝ። «ሰፈሩ ጅን ነው እያለ ነው። ነይልኝ።»

ስደርስ መደቡ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ማዕዘኑ አዙረዋል። እጃቸውን ሳምኩ። ጉንጬን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «አንቺስ እውነተኛ ነሽ» አሉ።

«ሌሎቹስ አባ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰዎች ይመጣሉ። ቁመታቸው አጠር ያለ ነው፤ የኩታቸው ጥለት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታየኛል። አንዳቸውንም ግን አላውቃቸውም። ሰላም ስላቸው አይመልሱም። አብጄ ይሆን ልጄ?»

«አብሽሩ አባ፣ አላበዱም። ጅንም አይደለም» አልኳቸው። ዓይን ሲጠፋ አንጎል ሥራ እንደማይፈታ፣ ከውጭ የሚመጣለት ምስል ሲቋረጥበት ከራሱ እየሠራ እንደሚያሳይ፣ ብዙ ሰው ይህ ደርሶበት እብድ እንዳይባል እንደሚደብቀው አስረዳኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። በር ላይ የቆመችው እህቴ እንባዋን ጠረገች።

 አባቴ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አኑረው፣ «ከዚህ የሚወጡ ከሆነ እናትሽ ለምን አትመጣም?» አሉ። «ከሷ በላይ እዚህ ውስጥ ማን አለ?»

እናታችን ወደ አኼራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ጣታቸውን ከግንባራቸው አውርጄ እጃቸውን ያዝኩ።

«አላውቅም አባ።»

ክረምት ሲገባ እህቴ ደግማ ደወለች። ሰላምታው ቀርቷል፣ ሰፈሩም ወሬውን ትቷል።

«ታዲያ ድምፅሽ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ሰዎቹ መምጣት አቆሙ ይላሉ። ‹ውሸት ናችሁ ብላቸው ተቀይመው ሄዱ› ነው የሚሉት። ቀኑን ሙሉ አይናገሩም።»

ምስሎቹ ብዙውን ጊዜ ውለው አድረው እንደሚጠፉ አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም የምለው እንደዚያው ነው። የዚያን ቀን ግን ክፍል ገብቼ ማስተማር አቃተኝ።

በጋ ላይ ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ ዋልኩ።  ከአሱር ሶላት በኋላ ድንገት ቀና ብለው ክንዴን ያዙኝ።

«ሰዎቹ መጡ እንዴ?» አሉኝ።

ማዕዘኑን አየሁት። ባዶ ነበር። ወደ ማዕዘኑ ዞሬ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩ።