ወርዱን ያልቆጠረው ሸማኔ

የሻው ሸማኔ ነበር፤ ያውም በወሎ ቦረና ገበያ እጁ የተመሰገነ። በ1977ቱ ድርቅ ከነሚስቱ ተጭኖ አሶሳ ሰፈራ ሲራገፍ መሸመኛውም ልጁም ወሎ ቀሩ። የሰባት ዓመቷ የሺሀረግ በጭነቱ ግርግር ደሴ መጠለያ ከአክስቷ ጋር ቀርታለች። ሰፋሪ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም፤ ፈቃድ ደግሞ ለማንም አይሰጥም። አንድ የእህል መኪና ሾፌር ግን ልጅህን በመቶ ብር አመጣልሃለሁ አለው።

መቶ ብር ከየት ይምጣ? እግዜር ሲለው የሰፈራው ጽሕፈት ቤት ለእህል መጋዘኑ ግድግዳ የቀርከሃ ምንጣፍ የሚሠራ ፈለገ። ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ካሬ ሜትሩ በአንድ ብር። ሥራው በጠቅላላ መቶ ብር እንደሚያወጣ የነገረው የአገሩ ተወላጅ፣ በርታው ጎረቤቱ ማህጁብ ነው፤ ቀርከሃ መሰንጠቅም ያስተማረው እሱ ነው።

ለውሉ ሲጠራ ግን የሻውን ጥርጣሬ ያዘው። ሸማኔ ወርድ አይቆጥርም። የጋቢ ወርድ ከአያት ከቅድመ አያት ያው ነው፤ ገበያ ላይ የሚለካው ቁመቱ ነው፣ በክንድ። ካሬ የሚሉት ነገር ማምታቻ መሰለው።

«እኔን በቁመቱ አዋውሉኝ» አለ፣ የነቃ መስሎት።

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ «ካሬ» የምትለዋን ቃል ሰርዞ ወረቀቱን አስጠጋለት። «አንዱ ሜትር አንድ ብር። እንዳልከው» አለ። ነፍሱን አይማረውና፣ ፈገግ ብሎ ነበር። የሻው አውራ ጣቱን አተመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስድስት ሳምንት ሠራ። ቀርከሃው መዳፉን ተለተለው፤ ልጄ ትመጣለች እያለ ቻለው። ግድግዳው የሚፈልገውን ሃምሳ ሜትር አስረከበና ሃምሳ ብር ተቆጠረለት። የቀረው መቼ ነው ቢል የቀረ የለም አሉት፤ ውሉ ላይ ያተመውን ጣቱን አሳዩት።

ማህጁብ ነገሩን ሲሰማ ከትርፍራፊው አንዱን ምንጣፍ ዘርግቶ በወርዱ እኩል አጠፈው።

«ወዳጄ፣ ይሄ ሁለት ነው» አለ። «አንዱን ሸጥክ፣ አንዱ በነጻ ሄደ።»

የሻው አፈረ። ከማፈሩም ግን ቁጭቱ ባሰ፤ የተመካበት ብልጠት ልጁን በላበት። ሃምሳዋን ይዞ ሾፌሩን ለመነ።

«በሃምሳ ብር ነቀምት አደርሳታለሁ» አለው ሾፌሩ። «ከዚያ ወዲያ ማን ይቀበላታል?»

በተከታዩ ክረምት ከደሴ የመጣ ሰፋሪ መጠለያው መበተኑን ነገረው። አክስቲቱና ልጅቱ ወዴት እንደተጫኑ የሚያውቅ አልነበረም።

የሻው ዛሬም በመጋዘኑ ሲያልፍ ክንዱን ዘርግቶ የግድግዳውን ምንጣፍ ይለካል። ቁመቱን አይደለም፤ ወርዱን።