ሊዝበንን የሰማሁበት ቀን

የያዙኝ በሰልፍ ላይ ነው። ጆሃንስበርግ መሃል፣ የስደተኛ ወረቀት ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት። ወረቀታችን ይታደስ፣ ሱቆቻችን ይጠበቁ የሚል ሰልፍ ነበር። እኔ በያዝኩት ካርቶን ላይ «ወንድሜን ማን መታው?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ያለው ሱቁ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ከኋላችን ድንጋይ ተወረወረ። ማን እንደወረወረው አላየሁም። ካርቶኑን እንደያዝኩ መኪና ላይ ጫኑኝ።

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዎችን ነው። ክር የሌላቸው ጫማዎች፣ ግድግዳ ሥር የተደረደሩ። ከዚያ ግራጫ ብርድ ልብሶች። ከዚያ ሰዎች። በረኪናና ሽንት ይሸታል። ከእኔ ጋር ስምንት ሆንን፤ አምስቱ ዙሉዎች ናቸው።

ከስምንቱ የማነሳው ሁለቱን ብቻ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ አላስፈቀድኳቸውም። አንደኛው የስልጤ ሰው ናቸው፣ ከስድሳ ያለፉ፣ ጅምላ ሻጭ። እንደ እኔው ከሰልፉ ነው የተያዙት። ጋሼ እላቸው ነበር። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ የሃዲያ ልጅና ጴንጤ። የምንግባባበትን አማርኛ ሁለታችንም ከእናታችን አልወሰድነውም። ሌላው ሞዛምቢካዊ ነው። ፖሊሶቹም ሳይቀሩ ማዳላ ይሉታል፤ እዚህ አገር ሽማግሌ ማለት ነው። በወጣትነቱ ሊዝበን፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ፣ ግንበኛ ሆኖ ሠርቷል። ይህንን የሰማሁት በኋላ ነው። እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ከሰላምታ በቀር አናወራም ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ፖሊሷ በሩን ከፍታ «የኢትዮጵያ ጠያቂ» አለች። ዘልዬ ተነሣሁ። ስለ ወንድሜ ወሬ የምጠብቀው ከጠያቂ ነበር፤ ሌላ ምንም አልጠብቅም። እሷ ግን እጇን ወደ ጋሼ ቀሰረች።

ጋሼ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዳቦና ዶሮ ያለበት ፌስታል ይዘዋል።

«ወንድሜስ?» አልኳቸው።

«እንዳለ ነው። የቤተ ክርስቲያንህ ሰዎች ሰላም ብለውሃል።»

«እኔን ለምን አልጠሩኝም?»

«ሽማግሌ ይቅደም ብለው ነዋ! ደግሞ አንተን ቢያዩህ ያለቅሳሉ። ፊትህ እንደ ፍየል ፊት ሾሏል።»

ሳቅኩ። አሁን የማውቀውን ያኔ አላውቅም። ወንድሜ በዚያን ሰዓት ከሞተ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ሰዎቹ ከእስር እስክወጣ ሞቱን ሊደብቁኝ ተስማምተው ነበር። የመጡት ሬሳው በዚያው ማታ ወደ አገር ቤት ስለሚሳፈር ነው፤ መርዶውን ጋሼ እንዲነግሩኝ አደራ ሰጥተዋቸው ሄዱ። ጋሼም መርዶ በጠዋት ነው፣ ሰው በልቶ ካደረ በኋላ ነው ብለው ወሰኑ። እስኪነጋ ሃሳቤን የሚይዝልኝ ነገር ፈለጉ። ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ማዳላ ሄደው በጆሮው አንሾካሾኩ።

ማዳላ ብርድ ልብሱን እየጎተተ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሊዝበን ሄደህ ታውቃለህ?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«እኔ? ከሆሳዕና ሞያሌ፣ ከሞያሌ በእግርና በጭነት መኪና እዚህ። በዚህ መንገድ ላይ ሊዝበን የለችም።»

«እንግዲያው ዛሬ እወስድሃለሁ» አለ። «ቪዛ አያስፈልግም።»

በሰባት ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት አለኝ። በሐዲድ የምትሄደው ትራሟ ትንሽ ቢጫ ነች። በጠባብ መንገድ ላይ ስትወጣ እንደ አሮጊት ታቃስታለች። ወንዙ ከተማው ጋ ሲደርስ ይሰፋል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ቢጫ ስለሚሆን የገለባ ባሕር ይሉታል። ሰዎቹ ቶሎ አይጮሁም። መስኮታቸው ላይ ተደግፈው ልብሳቸውን አስጥተው መንገዱን ያያሉ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ማየት እዚያ ሥራ ነው አለ።

ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጡን ነገረኝ። ድሮ ነው፣ በበዓል ጠዋት። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ሻማ በርቷል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጣሪያው ወረደ፣ የሻማው እሳት ቤቱን ያዘው። ከእሳቱና ከድንጋዩ የተረፈው ወደ ወንዙ ሮጠ። እዚያ ሲደርሱ ውሃው ሸሽቶ ነበር። ከሥር የሰመጡ መርከቦች ታዩ። ሰዎቹ ገርሟቸው ቆመው ሲያዩ ውሃው ተመለሰ። ማዳላ ይህን ሲል እጁን ከወለሉ በቀስታ አነሣ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ያይ ነበር።

«ንጉሡስ?» አልኩት።

«ንጉሡ ተረፈ። ግን ከዚያ ወዲያ የድንጋይ ጣሪያ ሥር አልተኛም። ድንኳንና የእንጨት ቤት ውስጥ ኖሮ ሞተ።»

«ጎበዝ ንጉሥ» አሉ ጋሼ። ዶሮውን እየበለቱ ትልቁን ለእኔ ያቀርባሉ። «ብላ አንተ። በአፍህም ስማ።»

ከተማዋን እንደገና ሲሠሩ፣ አለ ማዳላ፣ በግድግዳው ሆድ ውስጥ የእንጨት አጽም አደረጉ። መሬት ሲንቀጠቀጥ እንጨቱ ይወዛወዛል እንጂ አይወድቅም። መጽናቱን ለማወቅ ናሙና ሠርተው ዙሪያውን ወታደር በኃይል እየረገጠ እንዲዞር አደረጉ። እሱ ራሱ አንድ አሮጌ ግድግዳ ሲያፈርስ ያንን እንጨት አይቶታል። ተነባብሮ፣ ተጠላልፎ፣ መሃሉ በድንጋይና በኖራ ተሞልቶ።

«ቆይ» አልኩት። «እንጨቱን ታቆማለህ። ታጠላልፋለህ። መሃሉን ትሞላለህ። ይሄ እኮ የእኛ ጭቃ ቤት ነው!»

«ምን?»

«አባቴ የሠራው ቤት ነው! በወታደሩ ፈንታ እኛ ለጭቃ ረገጣ ጎረቤት እንጠራለን!»

ጋሼ ለሌሎቹ በዙሉ ሊያስረዱ ሞከሩ። ጭቃ ማቡካቱን በእግራቸው አሳዩ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው። ያ ትልቅ ሰውዬ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ እንባዬ እስኪወጣ ሳቅኩ።

ማዳላ መንገዱንም በድንጋይ እንዳነጠፈ ነገረኝ። በመዶሻ እየጠረበ ነጭና ጥቁር ድንጋይ እንደ ማዕበል ይገጣጥማል።

«ወንድሜም ኮብልስቶን ጠርቧል» አልኩት። «ሆሳዕና፣ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት። አውራ ጣቱ እስካሁን ጠማማ ነው። ሲሻለው አገናኛችኋለሁ። እሱ ካንተ ጋር ድንጋይ ማውራት ይወዳል።»

ጋሼ ውሃ አንስተው ጠጡ።

«ከመንቀጥቀጡ በኋላ» አለ ማዳላ፣ «ምን እናድርግ ሲሉ፣ የሞቱትን ቅበሩ፣ ያሉትን አብሉ ተባለ ይባላል።»

«ብላ» አሉኝ ጋሼ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖሊሷ በሩ ላይ መጥታ አየችኝ። ከዚያ ጋሼን ጠርታ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገረቻቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቱሞሮ» ሲሉ ሰማኋቸው። ስለ ብርድ ልብስ መስሎኝ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። ፊትህን ታጠብ አሉኝ። ስታጠብ ሁሉም ተነሥተው ወደ እኔ ዞረው ተቀምጠዋል። ያኔ ገባኝ።

«የኔ ልጅ» አሉኝ እጄን ይዘው፣ «ወንድምህ እንዳለ ነው ብዬህ ነበር። አሁን ዐረፈ።»

ስለዚያ ለቅሶ ብዙ መጻፍ አልችልም። ዙሉዎቹ ብርድ ልብሳቸውን አንጥፈው ወለሉ ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። በእነሱም አገር ለቅሶ መሬት ላይ ነው። ማዳላ ትከሻዬን ይዞ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር።

ሻይ ስታመጣ ፖሊሷ ለቅሶዬን አይታ ቆመች። «ሶሪ፣ ብራዘር» አለች። «ግን ትናንት ለምን አልመጣህም? ሳጥኑ ሳይዘጋ እንድታየው አዛዡ ግማሽ ሰዓት ፈቅዶልህ ነበር። ለባባ ነግሬያቸዋለሁ።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «በቀን፣ በበር ቀዳዳ፣ ካቴና እጅህ ላይ ገብቶ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ነግቶ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ሬሳው ይወስዱታል አልኩ። በእኛ ወገን ሬሳ ቶሎ ይቀበራል። በእናንተ ግን ዘመድ እስኪደርስ ይጠበቃል። ማታ ይሄዳል ብለውኝ ነበር፤ ግን ወንድም እያለ ሳይጠብቁ ይልኩታል ብዬ አላሰብኩም።»

ሳጥኑ ሌሊቱን ሄዷል። ፊቱን አላየሁትም። ከእሱ የቀረችኝ ያቺ ግማሽ ሰዓት ነበረች።

መጮህ ፈለግኩ። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው ወደ እግሬ መጡ። ያ ሽማግሌ፣ በሰው ሁሉ ፊት። በብብታቸው ገብቼ ያዝኳቸው። ቀላል ነበሩ፣ ያን ያህል ቀላል አይመስሉኝም ነበር።

«ይተዉ ጋሼ። ይነሡ። ሳልበላ ቢሆን አልችለውም ነበር።»

ያልኩት እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ እዚያ ወለል ላይ እንዲቀሩ አልፈለግኩም። በእኔ ምክንያት የማለዳ ሶላታቸው አልፏቸው ነበር። የውሃውን ጠርሙስ አንሥቼ አፈሰስኩላቸው፤ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ሲሰግዱ ለቅሶዬን ዝቅ አደረግኩ።

ከአራት ቀን በኋላ ክሱ ቀርቶ ተለቀቅኩ። አሁን ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር፣ የሰው ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚከብደኝ አለማየቴ ብቻ አይደለም። ያን ያህል መሳቄም ይከብደኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ ሳቅ ባይኖር ምን ይዤ እቀር ነበር እላለሁ። ሁለቱንም አስባለሁ፤ አልወሰንኩም።

አገር ቤት ሳጥኑ ታሽጎ ስለደረሰ አልከፈቱትም። በወጣሁ ማግስት እናቴ ደወለች። ብዙ አላወራችም።

«አንተ ፊቱን አየኸው?»

«አየሁት፣ እማ» አልኳት። «የተኛ ነው የሚመስለው።»

ተነፈሰች። ያንን ትንፋሽ ሰምቼ እውነቱን መናገር አልቻልኩም። እስካሁንም አልነገርኳት። አንድ ቀን አገሬ ስገባ፣ በልታ ካደረች በኋላ፣ በጠዋት፣ እህቶቼ አጠገቧ ተቀምጠው እነግራታለሁ።