የጋሽ ናሙና ግራ ጉንጭ

የጥርስ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ፣ ግራ ጉንጫቸው ራሱን ችሎ ሌላ ሰው ሊወጣው ምንም አልቀረውም። እኔ ደግሞ አጠገቤ ያለን ሰው ሳላናግር ብውል ምሳዬ አይፈጭልኝም።

«እግዜር ይማርዎ ጋሼ። መቼ ጀመረዎት?»

«ማክሰኞ» አሉ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። «እንዲህ ሳወራ አትቀየመኝ፤ የሥራ ነገር ሆኖብኝ ነው።»

ሥራቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቁጭ ብሎ ፎቶ መነሳት!

በወጣትነታቸው አዳዲስ ዲጂታል ካሜራ ለየሱቁ የሚያከፋፍል መጋዘን ውስጥ ካርቶን አውራጅ ሆነው ተቀጠሩ። እዚያ ካሜራ ሁሉ ከመሸጡ በፊት ይፈተሻል፤ የባትሪው ክዳን ይገጥማል ወይ፣ ቁልፉ ሲጫኑት ይመለሳል ወይ፣ ሌንሱስ ወጥቶ ይገባል ወይስ እንደ ግትር በቅሎ እዚያው ድርቅ ይላል? ኋላ ደግሞ የሰው ፊት ራሱ ፈልጎ የሚያነጣጥር ካሜራ መጣ። ለመፈተሻ ፊት አስፈለገ። ሌላው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር፤ እሳቸው ካርቶን ላይ አረፍ ብለው ተገኙ።

«በቃ፣ ከካርቶኑ ወደ ወንበር ተዛወርኩ» አሉኝ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመታቸው። ስማቸውም ተረስቶ ጋሽ ናሙና ሆነው ቀሩ።

«ባለቤቴ መሳቂያ አድርጋኛለች። ‹ስትነሳ ኖረህ ለሳሎናችን አንዲት ፎቶ አታመጣም?› ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ይሰረዛል!»

ያልተሰረዘው አንድ ብቻ ነው፤ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። ልጅቱ አዲሱን ካሜራ ከካርቶኑ ታወጣለች፣ ጋሽ ናሙናን ፎቶ ታነሳለች፣ ስክሪኑን ከግድግዳው ፎቶ ጋር ታስተያያለች። ከተመሳሰለ አረንጓዴ ወረቀት ትለጥፍበታለች፣ ካልተመሳሰለ ቀይ።

«እርስዎንስ አታይዎትም?»

«ምን ቆርጧት! ስክሪኑ እያለ እኔ ምን ላደርግላት?»

እንግዲህ ማክሰኞ ጉንጫቸው ማበጥ ጀመረ። ሐኪም ስለሚፈሩ ዝም አሉ፤ ዝም ማለቱንማ ተክነውበታል። በማግስቱ ሦስት መቶ አዲስ ካሜራ ገባ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሦስት መቶውም ቀይ ለብሰው ተደረደሩ።

«‹ሌንሱ ያጣምማል!› ብላ ጮኸች። ሥራ አስኪያጃችን እየሮጠ መጣ። ‹ይዩት እስቲ! በቀኝ በኩል ጋሽ ናሙና ናቸው፤ በግራ በኩል ጋሽ ናሙና ከነወንድማቸው!› ትለዋለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።»

«ታዲያ ምነው አልተናገሩ?»

«ብናገር ወንበሬ ልትሄድ ነዋ!»

ሥራ አስኪያጁ ከልብስ ሱቅ ያመጣት አንዲት የፕላስቲክ ጭንቅላት አለች። «እሷ አታስነጥስ፣ ሽንት ቤት አትሄድ» እያለ ያስፈራራቸዋል። ዝም ቢሉ ደግሞ ሦስት መቶ ጤነኛ ካሜራ ወደ ፋብሪካው ሊመለስ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ልጅቱም ሌንሱ የቱ ጋ እንደተጣመመ ካላየሁ ብላ ሁለቱን ፈታታቻቸው። ስትገጥማቸው አራት ብሎን ተረፈ። ሦስተኛውን ልትፈታ መፍቻዋን አነሳች።

«አላስችል አለኝ። ‹ልጄ፣ ተይው፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ› አልኳት።»

ልጅቱ በስንት ዓመቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ስክሪኑን አየች፣ መልሳ እሳቸውን አየች። «ውይ በሞትኩት! ካሜራው ልክ ነው!» ከዚያ አንዱን ቀይ ወረቀት ከካሜራው ላይ ላጠችና እሳቸው ደረት ላይ ጠፍ አድርጋ ለጠፈችው። ጋሽ ናሙና ኮታቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ፤ «ለጥገና ይመለስ» ይላል።

«ካሜራዎቹስ?»

«ሥራ አስኪያጁን ወንበሬ ላይ አስቀምጣ እንደ አዲስ ፈተሸቻቸው። ሰውየው አፉ አያርፍም፤ ግማሹ ፎቶ ላይ አፉን እንደከፈተ ነው! ብቻ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንቱ አለፉ። የተፈቱት ሁለቱ ግን አሁን የምር ተበላሽተዋል።»

ሥራ አስኪያጁ ታዲያ ነገሩን በሳቅ አላለፈውም። ሰኞ ጠዋት ፊታቸው ከግድግዳው ፎቶ ጋር ከተመሳሰለ ወንበሩ የእሳቸው ነው፤ ካልተመሳሰለ የፕላስቲኳ።

ነርሷ ብቅ ብላ «ተረኛ!» አለች።

«አይዞዎት ጋሼ፤ ሐኪሙ ጥርሱን ነቅሎ ይገላግልዎታል» አልኳቸው።

በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «እሱን ነው የፈራሁት እኮ! ነቅሎት ጉንጬ ከጎደጎደ፣ ሰኞ ካሜራው ሁሉ በጎደሎ ሊወድቅ ነው። እስቲ ወንድሜ፣ አንተ አፍህ ይከፈታልና፣ ለሐኪሙ ‹ሲነቅሉ ጉንጫቸውን በፎቶው ልክ ይተዉላቸው› ብለህ ንገርልኝ!»