ቁጢጥን ስንገፋ

ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ዳቬይተን ውስጥ የምሠራበት ሱቅ ድሮ የመኪና ማደሪያ ነበር። ያከራዩኝ አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ እያለ የሚጠራቸው፣ ባላቸው ሞተው መኪናው ከተሸጠ በኋላ በሩን በፍርግርግ ብረት አሳጥረው ስፓዛ ለሚሉት የሰፈር ሱቅ ሰጡት፤ እኔም ከፍርግርጉ ጀርባ ዳቦ፣ ዘይት፣ የበቆሎ ዱቄትና የስልክ ኤርታይም እየሸጥኩ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ በዘረጋኋት አልጋ ላይ እያደርኩ ብዙ ዓመት ኖርኩበት። ባለቤቴ ኤርሚያስ ሶዌቶ ሌላ ሱቅ አለው። ሰው ያላደረበት ሱቅ ስለሚሰበር እሱም እዚያው ያድራል፤ የምንገናኘው እሁድ እሁድ ነው፣ ያውም ባኪ የሚሏት አሮጌ ፒክአፑ ደስ ብሏት ከተነሣች። እኔ ቤት ወለሉ ላይ፣ የዱቄቱ ከረጢት ከሚደረደርበት ሥር፣ ስንት ሳሙና ብጨርስበት ያልለቀቀ የሞተር ዘይት እድፍ አለ። ብርድ ሲሆን ዝም ይላል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ግን ሽታው ይነሣል፤ ያን ጊዜ ለደንበኛ ዳቦ እያቀበልኩ ሐሳቤ አገሬ ሆሳዕና ገብቶ ቁጭ ይላል።

ባለፈው ሰሞን እንዲሁ ሽታው በተነሣበት ቀን የታክሲ ሹፌሩ ጃቡ መጣ። ጃቡ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ሚኒባሱን በሬ ላይ አቁሞ ሲጋራውን ሲገዛ ስለ መኪና አንድ ነገር ሳያወራኝ አይሄድም፣ መኪና ትወዳለች ብሎ ማን እንደነገረው እንጃ። «ሳዉቦና ሲስተር፣ ይቺን እያት» ብሎ ስልኩን በፍርግርጉ አሾለከልኝ። ሁለት ትልልቅ የመኪና ኩባንያዎች ተጣምረው፣ መሠራቷ ከቀረ የቆየ አንዲት የስፖርት መኪና እንደገና ሊሠሩ ነው የሚል ወሬ ነበር። ወሬ መሆኑን ጽሑፉም አልደበቀም፤ «ተብሏል» እና «ይጠበቃል» ይበዛበታል። ከሥሩ ግን የአሮጌዋ ፎቶ ነበር፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ መብራቶቿ እንደ ዓይን የሚከደኑ። ጃቡ ስሟን በፍቅር ጠራልኝ። እኔ የማውቃት በሌላ ስም ነው፤ ቁጢጥ እንላት ነበር።

ቁጢጥ የጎረቤታችን የጋሼ ሄራሞ ነበረች። ጋሼ ሄራሞ የጓደኛዬ የዘነበች አባት ናቸው፤ አዲስ አበባ ለአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሹፌር ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም እስከ ሆሳዕና ሊነዷት ተነሡ። ያኔ መንገዱ እንደ ዛሬው አስፋልት አልነበረም፣ እሷም ለእንዲያ ያለ መንገድ አልተፈጠረችም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከተማው ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው አንድ ድንጋይ ከሥር መታትና ካምቢዮዋን ሰበረው። ጋሼ ሄራሞ ያሰቡት በቀይ መኪና ጡሩምባ እየነፉ ሊገቡ ነበር፤ የገቡት ግን በበሬ እየተጎተቱ ነው። በሬዎቹ የማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ የሚከራከር አይጠፋም።

ሰፈሩ ሁሉ ለማየት ወጣ። ሴቶቹ ዞር ዞር ብለው አዩዋት፣ እናቴ በመስኮቱ አጎንብሳ ወደ ውስጥ ተመለከተችና «ሌላው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ሄራሞ ሁለት ሰው ብቻ እንደምትይዝ ሲነግሯት፣ ይቺን የሠራው አገር ምን ያህል ሰው ቢያጣ ነው ብላ ከልቧ አዘነችለት። አልፈርድባትም፤ እኛ ጋ ሰው ሐኪም ቤት እንኳ ሲሄድ ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱንና የጎረቤቱን አማች አስከትሎ ነው፣ ሁለት ብቻ ሆኖ የሚኬድበት ቦታ አናውቅም ነበር። በማግስቱ ዝናብ ዘንቦ፣ እንሰቱ ሥር ጭቃ ላይ ተቀምጣ ስትታይ፣ አንዱ ቁጢጥ ብላለች አለ፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ክረምት ሲመጣ ጋሼ ሄራሞ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ይሸፍኗታል፤ ዶሮዎች ከሥሯ ይፈለፍላሉ፣ ድመቷ ጣራዋ ላይ ትተኛለች። እሁድ እሁድ ግን፣ ጎማዋ አንድ ቦታ ቆሞ እንዳይበሰብስ መንቀሳቀስ አለባት ይሉ ነበር፣ እንግዲህ ከቸርች መልስ ሥራው የሁላችንም ነው። አንገታቸው ድረስ ሸሚዝ የቆለፉ ሽማግሌዎች፣ ልብሳቸውን ያልቀየሩ መዘምራን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናቶች፣ እኛ ልጆች ደግሞ በሰው እግር መሐል እየተሹለከለክን፣ ቀይዋን መኪና ከግቢው አውጥተን ዳገቱን እንገፋታለን። ጫፍ ስትደርስ ጋሼ ሄራሞ መሪ ይይዛሉ፣ አንድ ልጅ መርጠው ጎናቸው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት እንለቃታለን። ፍሬኗ ይሠራል፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ይሉ ነበር። ታች ስትደርስ ደግሞ ያው ሕዝብ ወርዶ እየገፋ ይመልሳታል። ሁለት ሰው ጥቂት እንዲንሸራተት ሰፈር ሙሉ ላቡን ያንጠፈጥፋል፣ ግን አንድም ቀን ይሄ ምን ይባላል ያለ ሰው አልሰማሁም።

የሁለተኛው ወንበር ነገር ግን ስንት ጎረቤት አኳርፏል። ጋሼ ሄራሞ ልጅ የሚመርጡበትን ምክንያት ለማንም አይናገሩም፤ እናቶች በሳምንቱ መሐል አይብ ይዘው ጎራ ማለት ጀመሩ፣ እሳቸውም አይቡን በምስጋና ይበሉና የሌላዋን ልጅ ያስቀምጣሉ። እኔ ተራዬ የደረሰው ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከመስኮቱ የሚታየኝ ሰማይና የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነበር። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ፣ አሮጌ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ይሸታል። እጆቹ ሁሉ ለቀቁን፤ ሞተሯ ስላልተነሣ የሚሰማው የጎማው ሹሹታና ነፋሱ ነው፣ ከኋላ ደግሞ እየራቀ የሚሄድ ጩኸት። ዞር ስል ሰፈሩ በሙሉ እጁን ዘርግቶ እየሮጠ ሲከተለን አየሁ። ከሁሉም ቀድሞ፣ በቀኝ በኩል የኋላ መብራቱ አጠገብ፣ ጫማው አንድ እግሩ ላይ የቀረ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ሌሎቹ ሲደክሙ እሱ ወንዙ ድረስ ሮጠ። እሱ ነው ኤርሚያስ።

ጋሼ ሄራሞ መኪናዋ ትሄዳለች ከማለት ወደኋላ ብለው አያውቁም፤ የጎደለው ካምቢዮ ብቻ ነው። ካምቢዮው አስመራ አለ ተባለ፣ ቀጥሎ ድሬዳዋ ታየ ተባለ፣ አንድ ነጋዴ ደግሞ ጅቡቲ በዓይኔ አየሁት ብሎ ማለ። ወሬው በመጣ ቁጥር መኪናዋ ትታጠባለች። እኛ ካደግን በኋላ ወጣቱ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ሲጀምር፣ ስንብት የሄደው ሁሉ እሳቸው ቤት ጎራ ይላል፣ እሳቸውም ጸሎት አድርገው ሲያበቁ «እግረ መንገድህን ካምቢዮዋን ጠይቅልኝ» ይላሉ። እኔንም ብለውኛል። ጆሃንስበርግ የመኪና አገር ነው ይላሉ ብለው ሸኙኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ እየገባሁ ጠየቅሁ፤ በኋላ ግን ሱቁ ያዘኝ፣ ከፍርግርጉ መውጣትም እየከበደኝ መጣ።

እንግዲህ ጃቡ ያሳየኝን ፎቶ ሳላስብ ለዘነበች ላክሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው የምነግረው ወግ አገኘሁ። እሷ ግን ድምፅ ቀድታ መለሰችልኝ። የሰፈሩ መንገድ ሊሰፋ ነው፣ አጥሩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቁጢጥ የቆመችበት ቦታ ይፈርሳል፤ ከስንት ልመና በኋላ አባቷ ለብረት ገዢዎች እንድትሰጥ እሺ ብለው ነበር። ፎቶውን ካዩ ወዲህ ግን ቅጠሉን አንሥተው መኪናዋን አጠቡ፣ ከአዲሷ ጋር ዕቃዋም ይሠራል፣ ካምቢዮው መጣ ማለት ነው፣ ማንም እንዳይነካት አሉ። «አንቺ ጀምረሽዋል፣ አንቺው አጣሪና እውነቱን ለአባቴ ንገሪልኝ። ከነገርሽው ይሰማሻል» አለችኝ። መንገድ የሚያሰፋው ማሽን እየቆፈረ ሰፈራችን ጫፍ ደርሷልም አለች።

ጃቡን ለመንኩትና እዚሁ አጠገባችን ቤኖኒ ውስጥ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ጋ ወሰደኝ። ሰውየው ወሬውን ሰምቷል። ኩባንያዎቹ በእርግጥ እየተነጋገሩ ይሆናል አለ፣ ትመጣለችም ይሆናል፣ የሚመለሰው ግን ስሟ ነው፤ አዲሷ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው ይባላል፣ ካምቢዮ የሚባል ነገር ጭራሽ የላትም። የአሮጌዋስ ብዬ ጠየቅሁት። የአሮጌዋ እዚህ አገር ካለቀ ቆይቷል አለኝ፣ አዝኖልኝ ነው መሰለኝ አንድ ኮካ ጋበዘኝ።

ጋሼ ሄራሞን በስልክ ሳገኛቸው ድምፃቸው ቀጥኗል። መጀመሪያ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ኤርሚያስ፣ ስለ ጸሎት ጠየቁኝ፣ እኔም አንድ በአንድ መለስኩ፤ ከዚያ ሰውየው ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ካምቢዮ ጭራሽ የላትም?»

«የላትም ጋሼ።»

«ስንት ሰው ትይዛለች?»

«ሁለት ነው የሚሉት።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ቆየ። «እስከ ዛሬ አልተማሩም ማለት ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «በቃ ይውሰዷት ልጄ። አደራዬን አልረሳሽም፣ ተባረኪ» ብለው ስልኩን ለዘነበች ሰጧት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቪዲዮው መጣ። ዘነበች እንደነገረችኝ አባቷ አንድ ነገር ብቻ ለምነው ነበር፤ ቁጢጥ ከግቢው ስትወጣ እንደ ድሮው ተገፍታ፣ መሪውን እሳቸው ይዘው እንድትወጣ። እሁድ ከቸርች መልስ ሰው ተጠራ፤ የመጡት አሮጊቶችና ሕፃናት ናቸው። ቢሞክሩም ንቅንቅ አላለችም። ከየቤቱ ጎረምሳ ፈለጉ፤ የዚህኛው ቤት ልጅ ደቡብ አፍሪካ፣ የዚያኛው ደቡብ አፍሪካ፣ የሌላው ቤት ወንድማማቾችም እንዲሁ። በመጨረሻ መንገድ የሚሠራው ሎደር በአካፋው አነሣት። ቪዲዮው ላይ ቀይዋ መኪና አየር ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች፣ የሁለተኛው ወንበር በር ተከፍቶ ይወዛወዛል፣ ጋሼ ሄራሞ በከዘራቸው ቆመው ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

የሰፈራችን ልጆች የምንገናኝበት ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ግሩፑ ከዚያ በፊት የሚነቃው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ከሱቁ መጻፍ ጀመረ። አንዱ ከሶዌቶ፣ እኔ በግራው መብራት በኩል ነበርኩ አለ። ሌላው ከሂልብሮው፣ እኔ ቁመቴ ስላልደረሰ የአንተን ጀርባ ነበር የምገፋው አለ። አንዷ፣ እናቴ የወሰደችው አይብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል ብላ ጻፈች። ሁሉም የነበረበትን ቦታ ያስታውሳል። ያኔ ከገፋነው ልጆች የጎደለ የለም፤ ሁላችንም እዚህ ነን፣ በአንድ ከተማ ዙሪያ፣ እያንዳንዳችን በየፍርግርጋችን ውስጥ። እያነበብኩ አለቀስኩ፤ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው ደንግጦ ዳቦውን ሳይዝ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ኤርሚያስ ደወለ። እሱ ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፈም ነበር።

«እኔ በቀኝ በኩል ነበርኩ» አለ።

«አውቃለሁ፤ አይቼሃለሁ» አልኩት።

በእሱ በኩል ደንበኛ ሲጣራ ይሰማል፣ በእኔም ቆርቆሮው ግሎ የዘይቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ከዚያ እሁድ የሚመጣ እንደማይመስለው ነገረኝ። ባኪዋ ከትናንት ጀምሮ አልነሣም ብላለች፣ ባትሪዋ ነው መሰለኝ አለ። ሰው ጠርተህ አስገፋት ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።