የእትዬ ጸሐይ ፊርማ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ በሙሉ አልነገርኳቸውም። «ዋሽቻለሁ» አልኳቸው፤ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ፤ አበቃ። ማንን እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ነው የምነግራችሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ያደግኩት ፈረንጅ አገር፣ ሲታክ በምትባል ከተማ፣ ከኤርፖርቱ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ውስጥ ነው። እናቴ ሁለት ሺፍት ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ጸሐይ ቤት ነበር። እትዬ ጸሐይ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ማርታ እዚያው እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት፣ ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ ትማር ነበር። ስንት ዓመት ወረቀት ለወረቀት ተሯሩጠው ነው ከአዲስ አበባ ያመጧት።

በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ሶሾሎጂ፣ ስለ ማኅበረሰብ የሚያጠናውን ትምህርት፣ ወሰድኩ። ኡፍ፣ ያ ክላስ! ያየሁትን ሁሉ ስም አወጣሁለት። እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ «ይሄ እኮ ኖርም ነው፣ የማኅበረሰብ ደንብ» እያልኩ ጥልቅ እል ነበር። «ምን ነክቷት ነው ይቺ ልጅ?» ትላለች። ምን ነክቶኝ ነበር? የማውቀው ሰው ሁሉ ምሳሌ መስሎ ይታየኝ ጀመር።

የመጨረሻው ሥራችን አንድ ሰው ኢንተርቪው አድርገን ስለ ቤተሰቡ ፔፐር መጻፍ ነበር። አስተማሪያችን ሦስት ነገር ደጋግማ አስጠነቀቀችን፤ የሰውየውን ስም ቀይሩ፣ የጻፋችሁትን አንብቡለት፣ የፈቃድ ወረቀት አስፈርሙት። ወረቀቱ ላይም ሰውየው ከጽሑፉ ይውጣልኝ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚሰረዝ በግልጽ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ ነው እንጂ በግልጽ ነው።

እትዬ ጸሐይ ወረቀቱን ስሰጣቸው ቀና ብለው አላዩትም። «አንቺ እያለሽ ለማንበብ እኔ ምን ቤት ነኝ? የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉኝ። ጣቴን ጭኜ አሳየኋቸው፤ ፈረሙ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ልጁ ይዞለት ከመጣ ይፈርማል።

ብዙ አወሩኝ። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ ሟች እናታቸው። ከዚያ የምቀዳበትን ቴፕ እንዳጠፋው ለመኑኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማርታ እህቴ አይደለችም፤ ልጄ ናት» አሉኝ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ወልደዋት እናታቸው የእኔ ናት ብለው አሳደጓት። ማርታ አታውቅም። «ሃይስኩል ስትጨርስ እኔው በአፌ እነግራታለሁ፤ የምላትንም ከአሁኑ እያሰብኩ ነው። እስከዚያ ካንቺ እንዳይወጣ፣ አደራ።»

«እሺ» አልኩ። አፌን ሞልቼ፣ እሺ!

ጻፍኩት። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። ያለዚያ ፔፐሩ አልጋ ስለማንጠፍ ብቻ የሚያወራ ሆነብኝ። ስማቸውን ግን ቀየርኩ፤ አይ ብልጠቴ! የክርስትና ስማቸውን፣ ወለተ ሰንበትን አደረግኩበት፤ ፈረንጅ ምን ያውቃል ብዬ። በየእሑዱ የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም ጽፋ ለጸሎት ለቄሱ የምትሰጠው ማርታ መሆኗን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አላሰብኩትም እንጂ አውቅ ነበር። አስተማሪዬ «አነበብሽላቸው?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት።

ጥሩ የተባሉት ፔፐሮች ለወላጆች ቀን ላይብረሪ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ማርታ የእኔን ያነሳችው ስሜን አይታ ደስ ብሏት ነው። ቆማ አነበበችው። ሲያልቅ መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ያን ቀን ከሰዓት ከእነሱ በር አልፎ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ነው የምትጮኸው። እትዬ ጸሐይ በአማርኛ «ልነግርሽ ነበር፣ ልነግርሽ ነበር» ይላሉ። በሳምንቱ ማርታ ሻንጣዋን ይዛ ሬንተን ከተማ ያሉ ዘመዶቻቸው ጋ ገባች።

እትዬ ጸሐይ የሆቴል ልብሳቸውን እንደለበሱ በራችንን አንኳኩ። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምናለ ባሉኝ! እሳቸው ግን እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ያ የፈረምኩት ወረቀት… የነገርኩሽን ሁሉ መጻፍ ትችላለች ይላል እንዴ?»

ወረቀቱ ተቃራኒውን ነው የሚለው። እኔ ግን «አዎ፣ ይላል» አልኳቸው።

«እኔን መቅሠፍት ይምታኝ። ሳላነብ ፈርሜ! አንቺ ምን ታደርጊ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። ምነው ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!

ምስጢራቸውን ማውጣቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰውም «ልጅነት ነው» ብሎ ተወኝ። ማንም የማያውቀው ይሄን «አዎ» ነው። ልጃቸውን ወሰድኩባቸው፤ አልበቃ ብሎኝ ጥፋቱንም አሸከምኳቸው።

ዛሬ ሬድመንድ ከተማ ነው የምሠራው፤ ሰው ስለሚጠቀምባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሰውን ራሱን እየጠየቅኩ አጠናለሁ። ከመጠየቄ በፊት የፈቃዱን ወረቀት ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጠንቃቃ ናት ይሉኛል። እኔ ጠንቃቃ!

ያለፈው ፋሲካ እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ማርታም መጣች፤ አሁን ትልቅ ሰው ናት። እትዬ ጸሐይን እህቴም እማዬም አትላቸውም፣ በስማቸው ብቻ ነው የምትጠራቸው። ምግብ እየተነሳ ሳለ እትዬ ጸሐይ እጇን ያዙና ይቅርታ ለመኗት፤ ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ እንጃ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ማርትዬ፤ ወረቀቱን ሳላነብ ፈርሜ ነው» አሏት። ከዚያ ምስክር ፈልገው ወደ እኔ ዞሩ። «አይደል፣ ልጄ?»

ማርታም አየችኝ። «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እንግዲህ ልጅ ነበርኩ አልላችሁም። ያን ቀን ሠላሳ ዓመቴ ነበር።